ሁለት መዶሻ

ሰፈሩ የሰውየውን ስም ረስቶ «አንድ ደቂቃ» ነበር የሚለው። ያላግባብ የወጣለት ቅጽል ስም አይደለም። ቧንቧው ያንጠባጥባል ሲሉት «አንድ ደቂቃ»፣ እንግዳ መጥቷል ሲሉት «አንድ ደቂቃ»፣ ምሳ ቀርቦ ሲጠሩት «አንድ ደቂቃ» የሚል ሰው፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ቢረሳበት ማንን ይወቅሳል? ሰነፍ ነው እንዳይባል ቀኑን ሙሉ እግሩ መሬት አይረግጥም። ችግሩ ሌላ ነው፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ከሮጠ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን የጨረሰው ይመስለዋል።

የዚያን ቀን ግን የሚጨርሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከቀትሩ አውቶቡስ በፊት አሮጌዋ መኪናው በአራት ጎማዋ መቆም አለባት። ካልቆመች ሚስቱ በአውቶቡስ ወደ እናቷ ከተማ ትሄዳለች። በአውቶቡስ ከሄደች መቼ እንደምትመለስ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም፤ ከሻንጣው መጠን ግን ገምቶታል።

ሻንጣው ትልቁ ሻንጣ ነው። ጠዋት በበሩ ክፍተት ሰርቆ ሲያያት ሹራብ ከተተች። ቀጥላ ወፍራሙን ካፖርት ከተተች። ካፖርት! ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወር! በመጨረሻ የስፌት መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ስትከት ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያንን መቀስ ለማንም አታውስም፣ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን ስትሄድም ይዛው ሄዳ አታውቅም።

ነገሩ የመጣው በአማቱ ዓይን ነው። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ስለነበር ሐኪሞቹ በየተራ ሊሠሩላቸው ተነጋገሩ። የመጀመሪያው ሲሠራ አማቱ ልጃቸውን አንድ ነገር ብቻ ለመኗት፤ «ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ይሁን።» ልብስ ሰፊዋ በቀጠሮው ቀን ከንጋት ጀምሮ ለብሳ በር ላይ ቆመች። ባል ሆዬ «አንድ ደቂቃ» ብሎ ዘይት ሊለካ ኮፈን ከፈተ። ከዘይቱ ወደ ባትሪው፣ ከባትሪው ወደ ራዲዮው ሽቦ ተሻገረ። ሲደርሱ ፋሻው ተነስቷል። አማቱ መጀመሪያ ያዩት የነርሷን አፍንጫ ነው። «ደህና አፍንጫ ነው፣ አልከፋኝም» ብለው በደግነታቸው ሲቀልዱ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ልጃቸው አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሏን አታናግረውም፤ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ ቃል ግን የለም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሁለተኛው ዓይን ፋሻ ይነሳል።

እሱ ደግሞ በሆዱ የያዘው ነገር ነበር። ይቅርታውን ለመንገዱ አስቀምጦት ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ አጠገቡ ተቀምጣ ወዴትም አታመልጥም፤ ከትልቁ ድልድይ ወዲያ ሲወጡ እንዲህ እላታለሁ ብሎ ቃላቱን ሲያጠናቸው ሰንብቷል። ትላንት ግን ነዳጅ ቀድቶ ሲመለስ፣ ከግራው የፊት ጎማ በኩል ኳ ኳ ሲል የከረመው ድምፅ ኳኳታ ሆነና መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

ጎማውን ከመኪናው ክንድ ጋር የሚያጋጥም፣ ቦል ጆይንት የሚሉት ነገር አለ። በጽዋ ውስጥ የተቀመጠ የብረት ኳስ ነው፤ ጎማው እንዲዞርም እንዲነጥርም የሚያደርገው እሱ ነው። ኳሱ ሾጣጣ እግር አለው፤ እግሩ ጎማውን በተሸከመው ብረት ቀለበት ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገባና በዳዶ ይታሰራል። ኳሱ ሲያረጅ ጽዋው ውስጥ ይላላል፤ ያኔ ነው የሚያንኳኳው። ማንኳኳት ከጀመረ ደግሞ ሰንብቷል። ሚስቱ «ምንድን ነው እሱ?» ስትለው «የመንገዱ ነው» ይላታል። ጥርት ያለ አስፋልት ላይ ሲሆኑም የመንገዱ ነው። ድምፁ ሲብስ ራዲዮውን ከፍ ያደርጋል። የሚገርመው አዲሶቹን ቦል ጆይንቶች፣ የግራውንም የቀኙንም፣ ከገዛቸው ቆይቷል። ካርቶናቸው ሳይከፈት የዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀምጠው፣ መድኃኒቱ ከበሽተኛዋ ጋር አብሮ ሲዞር ከረመ።

ጠዋት መኪናዋን በር ላይ እንደቆመች በክሪክ አነሳት፣ ካቫሌቶ የሚሉትን የብረት መደገፊያ ከስሯ አቆመላት፣ የግራውን ጎማ አወለቀ። እስከዚህ ድረስ ጀግና ነበር። ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈውን ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ጎትቶ አወጣ፤ ዳዶውም ትንሽ አንገራግሮ ለቀቀ። ሾጣጣው እግር ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ዘይት አጠጣው፤ ዘይቱ እስኪሰርግ ግን ማን ይጠብቃል? መታው። ረጅም ዘንግ አስገብቶ ተንጠለጠለበት። ወፍራም ፍልጥ ሊያመጣ ቤት ገባና የገባበትን ረስቶ ውሃ ጠጥቶ ወጣ። ተመልሶ ገባ፤ ሻንጣውን በሩ ስር አየው፤ ባዶ እጁን ሮጦ ወጣ። ላብ በላብ ሆኗል። ልቡ ከደረቱ ቀድሞ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

«እንዲህ አይደለም የሚመታው!» አለ ድምፅ ከላይ።

ከፊት ለፊት ካለው ፎቅ ሰገነት ላይ የሚውሉት ጡረተኛ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ምን እንደነበሩ የሚያስታውስ የለም፤ ዛሬ ግን መንገዱን ሁሉ ከወንበራቸው ሆነው ስለሚያስተዳድሩ «ሥራ አስኪያጁ» ይባላሉ። መኪና ሲቆም «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ በቃ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ነው ታዲያ ጋሼ?»

«እኔ በምን አውቄ! እንዲህ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።»

በሩ ተከፈተና ልብስ ሰፊዋ ብቅ አለች። ባሏን ዞር ብላም አላየችው። ቀና ብላ ወደ ሰገነቱ፣ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የቀትሩ አውቶቡስ ሰው እንደማይጠብቅ ለሰውየው ይንገሩልኝ» አለች።

«አንተ ልጅ፣ አውቶቡሱ ሰው አይጠብቅም ትላለች።»

«ሰምቻለሁ ጋሼ! አንድ ደ…» አለና አፉን በእጁ ጀርባ ከደነው። የእጁ ግራሶ ከንፈሩ ላይ ቀረ።

«አንድ ደቂቃ ሊል ነበር» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰማሁት» አለችና ገባች።

ያኔ ነው ኩራቱን ውጦ መካኒኩ ጋ የደወለው። መካኒኩ ወዳጁ ነው፤ የወንድሙ ሰርግ ላይ ስለሆነ ጋራዡን ዘግቷል። ከጀርባው ሙዚቃው ይደለቃል።

«የቱ ጋ ነው የምትመታው?» አለ መካኒኩ እየጮኸ።

«እግሩን፣ ጫፉን።»

«ጫፉን! ጥርሱን ልትጨርሰው ነው እንዴ አንተ ሰው! የሚመታው ቀለበቱ ነው፣ ጎንና ጎኑ። ሁለት መዶሻ ነው የሚፈልገው። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ እኩል ማረፍ አለባቸው። እኩል! ቀለበቱ ደንገጥ ሲል እግሩን ይለቀዋል። ተራ በተራ ከመታችሁት እስከ ነገ ብትደበድቡት አይሰማችሁም።»

«ሁለቱንም እኔ ልምታ?»

«አትችልም፣ ቦታው አያሠራህም። ሰው ፈልግ። ዳዶውን ደግሞ ጨርሰህ አታውጣው፣ ጫፉ ላይ ይቆይ፤ አለዚያ ሲለቅ ብረቱ ፊትህን ይልሃል። እና ደግሞ…»

«ገባኝ፣ ገባኝ!» ብሎ ዘጋው።

ሰው ከየት ይምጣ? መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ቀና አለ። «ጋሼ፣ መዶሻ ይመታሉ?»

«መዶሻውስ ነበረኝ፤ ጉልበቱ ነው የሌለኝ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ጥቂት ቆይተው፣ ዳቦና ጋዜጣ የሚስቡበትን ቅርጫት በገመዱ ቁልቁል ለቀቁት፤ ውስጡ እጀታው ያበራ ከባድ መዶሻ ተጋድሟል።

አሁን ሁለት መዶሻ ይዞ አንድ ሰው ሆኖ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። አንዱን አስቀምጦ አንሥቶ፣ አንሥቶ አስቀምጦ፣ እንደገና ለብቻው ሊሞክር ሲያጎነብስ አንዱ መዶሻ ከእጁ ወጣ። ቀና ሲል ሚስቱ ናት። ከመስኮቱ ጀርባ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበር ማለት ነው። የሥራ ሽርጧን አጥልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባለች።

«የቱ ጋ ነው የምመታው?» አለችው።

ለሰገነቱ አይደለም፣ ለእሱ ነው። በጣቱ የቀለበቱን ጎን አሳያት፤ እሷ ከፊት በኩል ተንበረከከች፣ እሱ ከኋላ በኩል።

«በሦስት» አላት። «አንድ፣ ሁለት…»

የሱ መዶሻ ሁለት ላይ አረፈ፣ የሷ ሦስት ላይ። ኳ፣ ኳ። ብረቱ ጉዳዩም አላለው።

«ሦስት አላልክም እኮ።»

«ብያለሁ!»

«ጋሼ፣ ሦስት ብሏል?»

«አላለም!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

እንደገና ሞከሩ። እንደገና ቀደመ። ሆን ብሎ አይደለም፤ እጁ ከአፉ ይቀድማል፣ አፉ ከሐሳቡ ይቀድማል፤ ሲፈጥረውም እንዲሁ ነው። ደጋግመው መቱ፣ ደጋግሞ ቀደመ። ፀሐይዋ ወደ መሐል አናት እየተጠጋች ነው። ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን በክንዷ ጠረገችና መዶሻዋን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

«እኔ ልቁጠር» አለች። «አንተ ዝም ብለህ ስማ።»

ጨርቅ ለመቁረጥ ስትዘጋጅ እንደምታደርገው ዓይኗን አጠበበች። እሷ መቀሱን ጨርቁ ላይ የምታሳርፈው መስመሩን እስከ መጨረሻው በዓይኗ ከሄደችበት በኋላ ነው። «አንድ» አለች። ቆየች። «ሁለት» አለች።

ሦስት አልመጣም። ጥርሱን ነከሰ፣ መዶሻው እጁ ላይ ከበደው። ፊቷ ቅርቡ ነው፤ ከተኳረፉ ወዲህ እንዲህ ቀርቦ አይቷት አያውቅም። ከዓይኗ ስር ጠቁሯል። ያን ቀን በር ላይ ለብሳ የቆመችው እንዲህ ነበር ማለት ነው፤ ሁለት ተብሎ ሦስት ሳይባል፣ ረፋዱን ሙሉ። አፈረ። እስከዛሬ ተናዳብኛለች ብሎ ነበር የሚያስበው፤ መጠበቅ ይህን ያህል እንደሚያም ግን በክንዱ አልቀመሰውም ነበር።

«ሦስት።»

ሁለቱ መዶሻዎች አንድ ድምፅ አወጡ። ድምፁ እስካሁን ከሰሙት ሁሉ ይለያል፤ የተሞላ፣ አጭር ድምፅ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ከወንበራቸው ተነሱ። «እንደሱ! ሳትለውጡት!»

እንደገና ቆጠረች፣ እንደገና ጠበቃት። እንደገና። ከዚያ ጧ! አለና ብረቱ ቁልቁል ዘለለ፤ ጫፉ ላይ የቀረው ዳዶ ያዘው። ሁለቱም ወደ ኋላ ተቀመጡ። እሷ ሳታስበው እጁን ይዛው ነበር፤ አስታወሰችና ለቀቀችው።

ዳዶውን አወጣ፣ ጽዋውን ከክንዱ ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ፈታ፣ አሮጌውን ቦል ጆይንት አውጥቶ ሰጣት። ለምን እንደሰጣት አላወቀም፤ ልጅ ጥርሱ ሲነቀል ለእናቱ እንደሚያሳያት ዓይነት ነው። ተቀብላ ገለበጠችው። ኳሱ ከነእግሩ ከጽዋው ሾልኮ እግሯ ስር ወደቀ። የሚይዘው ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ መዶሻ የበላው፣ አልወጣም ብሎ ረፋዱን ሙሉ የተገተረው ብረት፣ በሌላው ጫፉ በምንም አልተያዘም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ኳሱን ብዙ አየችው።

«ይሄ ነው ‹የመንገዱ ነው› ያልከኝ?»

ራዲዮ የለም ከፍ የሚያደርገው። «ይሄ ነው» አለ።

«እማዬን ሐኪም ቤት ያመላለስናት በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው።»

ባዶውን ጽዋ ከኳሱ አጠገብ አስቀመጠችው። እሱ ግን አእምሮው ሩጫውን ጀምሮ ነበር። አዲሱን የግራውን ቶሎ ቢያስረው፣ ጎማውን ቢመልሰው፣ ቀኙ እስከዛሬ ችሏል፣ ዛሬን ቢችል ምን ይላል? የምትቀመጥበት ወንበር ባዶ ነው፤ ድልድዩን ሲያልፉ የሚላት ቃል ተዘጋጅቷል። ደግሞ አሁን አናግራዋለች። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ እድሜ ልኩን ሲለው የኖረው ቃል።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «እንደርሳለን?»

አፉን ከፈተ። መሬት ላይ የወደቀውን ኳስ አየው።

«አንደርስም» አለ። «ቀኙም እንደዚሁ ነው። ሳይቀየር አልወስድሽም። በአውቶቡሱ ሂጂ።» ያጠናቸው ቃላት አንዳቸውም አልመጡለትም። «ያን ቀን… ከእማማ ፊት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። አጠፋሁ። መንገድ ላይ ልነግርሽ ነበር ያሰብኩት።»

እሷ መዶሻውን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ገብታ እጇን ታጠበች። ውሃው ሲወርድ ውጭ ድረስ ይሰማዋል። እሱ መኪናዋ ስር ገብቶ ብሎን የሚፈልግ መሰለ። ፊቷን ማየት ፈርቶ ነው። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ጫማዋ አስፋልቱን እየረገጠ አውቶቡሱ ወደሚቆምበት ማዕዘን ራቀ። ይኸው፣ እውነት ተናገርኩና ተሸኘሁ ብሎ አሰበ።

አውቶቡሱ ከማዕዘኑ ጡሩንባውን ነፋ። ያኔ ነው ቀና ሲል በሩ ስር ያየው። ትልቁ ሻንጣ እንደተቀመጠ ነው።

«ረስታው ሄደች!» ብሎ ጮኸ።

«ሩጥ እንጂ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ሻንጣውን ተሸክሞ ሮጠ። ከብዶታል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ጉልበቱን ይመታዋል። ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረሰና በክርኑ ገታው።

«ትገባለህ ወይስ አትገባም?» አለ ሹፌሩ።

«አንድ ደቂቃ!» አለ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አንድ ደቂቃ ነበር የፈለገው።

ሚስቱ ከመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «ምን ሆነህ ነው?»

«ሻንጣሽ! ረሳሽው!»

«አልረሳሁትም።»

ከነሻንጣው ቆሞ ቀረ። ነገሩ ቶሎ አልገባውም፤ ተሳፋሪዎቹ ግን ገብቷቸው ነው መሰለኝ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

«ከባድ ነው፣ በአውቶቡስ አይጎተትም» አለችው። «አንተ በመኪና ታመጣዋለህ። መቀሴ ውስጡ ነው፣ እንዳትጥለው።»

«አልጥለውም።»

«መቼ ነው የምትደርሰው?»

ሹፌሩ ሞተሩን አጓራ። «አንድ ደቂቃ» ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጣት። «ዛሬ አልደርስም» አለ። «ነገ ነው።»

«ነገ ስትል?»

«ነገ ስል ነገ።»

አየችው። ከንፈሩ ላይ አሁንም ግራሶ አለ። «እማዬ እኔን ካየች በኋላ አንተን መጠየቋ አይቀርም» አለች። «ነገ ይመጣል እላታለሁ። እንዳታስዋሸኝ።»

አውቶቡሱ ተነሣ። እሱ ሻንጣውን በሁለት እጁ አቅፎ ተመለሰ፤ ሲመለስ አልሮጠም። የፊቱን በር ከፍቶ እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠው። እጁን በናፍጣ አሸ፣ በሳሙና ታጠበ፣ የወለቀውን ጎማ አጋድሞ ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«አሁንስ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ከላይ።

«አላውቅም ጋሼ። እስኪያልቅ ነው።»

ስልኩን አወጣና መካኒኩ ጋ ደወለ። ሙዚቃው እንደደመቀ ነው።

«ምን ሆንክ ደግሞ?» አለ መካኒኩ።

«ለቀቀ» አለው። «ጠዋት ግን ‹እና ደግሞ› ብለኸኝ ዘጋሁብህ። ከዚያ ቀጥል፤ እየሰማሁህ ነው።»